ማሳችን ለምን ድንጋይ ያበቅላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ድንጋይና ስለ አለት ጥያቄ ያላችሁ አንባቢያን እንድትጽፉልን ጋብዘን ነበር። የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ በመሆናቸው ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን ስድስት ጥያቄዎችን መርጠናል። «እ.ኤ.አ.» ከተባለው በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ ከደጀን ተነሥተን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ የገደሉ ቀለም ሲለዋወጥ አያለሁ፤ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ነጣ ያለ፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀይ ነው። መማሪያ መጽሐፉ አለቶች በሦስት ይከፈላሉ ይልና ያቆማል። ተማሪዎቼ «ታዲያ እነዚህ የትኞቹ ናቸው? ለምንስ ተደራረቡ?» ሲሉኝ የምመልሰው ያጥረኛል።

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎን አንድ ቀን ይዘዋቸው ቢወርዱ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ይማሩ ነበር። እዚያ ቦታ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን የአለት ቁልል ከላይ እስከ ታች ቆርጦታል፤ የመንገድ ሠራተኞችም ጠርበው አጋልጠውታል። ንብርብሩ ካልተገለበጠ በስተቀር ከሥር ያለው ከላይ ካለው ይቀድማልና፣ አውቶቡሱ በወረደ ቁጥር የሚያዩት አለት ዕድሜው እየጨመረ ይሄዳል።

ከአፋፉ የሚጀምረው ጥቁሩ አለት ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዛሬ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በምንላቸው አካባቢዎች መሬቱ ረጃጅም ስንጥቅ አወጣና በስንጥቁ ቅልጥ አለት እየገነፈለ እንደ ጎርፍ አገሩን ሸፈነው። አንድ ጊዜ ብቻም አልነበረም፤ አንዱ ፍሳሽ ቀዝቅዞ ሲጠነክር ሌላው በላዩ ይፈሳል፤ በአንዳንድ ስፍራ ቁልሉ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የሚደንቀው ደግሞ የዚህ ሁሉ ቁልል አብዛኛው ክፍል በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ የፈሰሰ መሆኑ ነው፤ ይህም በአለት ዕድሜ ሲለካ ቅጽበት እንደ ማለት ነው። በመንገዱ ቁርጥ ላይ በጥቁሮቹ ንብርብሮች መካከል አልፎ አልፎ ቀጭን ቀይ መስመር ታያላችሁ። ያ በሁለት ፍሳሾች መካከል በነበረው ዕረፍት የተፈጠረ ጥንታዊ አፈር ነው፤ ዝናብ ዘንቦበት፣ ምናልባትም ሣር በቅሎበት ሳለ አዲሱ ፍሳሽ መጥቶ ሸፈነው።

ባዛልት የመጀመሪያው ወገን፣ ማለትም የእሳት ወለድ አለት ነው። ከመሬት ሲወጣ ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አየር ሲያገኘው ግን ቶሎ ይቀዘቅዛልና በውስጡ ያሉት ማዕድናት ለማደግ ጊዜ አያገኙም፤ ስለዚህ በዓይን የሚለይ ቅንጣት የሌለው፣ ደቃቅ፣ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ይሆናል። ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሳይወጣ ብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ተይዞ በዝግታ ቢቀዘቅዝ ማዕድናቱ የሩዝ ወይም የባቄላ ፍሬ ያህል እስኪሆኑ ያድጋሉ፤ ግራናይት የዚህ ዓይነቱ ነው። በሁለቱ መካከል የመነሻው ቅልጥ ስሪትም ይለያያል፤ ነገር ግን ተማሪ በእጁ ይዞ «ይህ ቶሎ ቀዘቀዘ፣ ይህ ዘገየ» ማለት የሚችለው የቅንጣቱን መጠን አይቶ ነው።

ከባዛልቱ በታች ነጣ ብሎ የሚታየው በሃ ድንጋይ፣ በሌላ ስሙ የኖራ ድንጋይ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን የተሠራውም በባሕር ውስጥ ነው። በዚያን ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ ባሕር ኦጋዴንን፣ ባሌን፣ ዛሬ ጎጃምና ሸዋ የምንለውን፣ እስከ ትግራይ ድረስ ሸፍኖ ነበር። ቀንድ አውጣና ኦይስተርን የመሳሰሉ ፍጥረታት ዛጎላቸውን በካልሲየም ካርቦኔት ይሠሩ ነበርና ሲሞቱ ዛጎሉ ከደቃቅ የኖራ ጭቃ ጋር በባሕሩ ወለል ላይ ተከማቸ። ከመንገዱ ዳር አንድ ቁራጭ አንሥታችሁ ብታጥቡት የዛጎል ጠርዝ እንደ ቀጭን ጨረቃ ታትሞ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከዚያ ዝቅ ሲባል በጥፍር የሚፋቅ ነጭ ጂፕሰም ይመጣል፤ ይህም ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በፀሐይ ተንኖ የተወው ዝቃጭ ነው፤ የቤት ግድግዳ የምንለስንበት ጀሶ የሚመረተው ከዚሁ ማዕድን ነው።

ወንዙ አጠገብ ያለው ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ከባሕሩም በፊት የነበሩ ወንዞች ያነጠፉት አሸዋ ነው። አሸዋ በራሱ ድንጋይ አይሆንም፤ ሲቀበር የላዩ ክብደት ያጠጋጋዋል፣ በቅንጣቶቹ መካከል የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ይዞት የመጣውን ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር)፣ ኖራ ወይም ብረት እየተወ ያጣብቀዋል። ቀለሙን የሰጠው ብረቱ ነው፤ እንደ ዛገ ሚስማር ማለት ነው። አሸዋው፣ ጂፕሰሙና በሃው ሁሉ ሁለተኛው ወገን ናቸው፤ የደለል ወለድ አለት ይባላሉ። ተማሪዎችዎ «ለምን በሃው ላይ ወዲያው ባዛልት መጣ?» ብለው ቢጠይቁ ወዲያው አልመጣም ብለው ይመልሱላቸው፤ በሁለቱ ዕድሜ መካከል ከ100 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለ። የዚያ ዘመን ታሪክ አብዛኛው ተሸርሽሮ ጠፍቷል፣ ወይም በመካከል ባሉ ጥቂት የጭቃና የአሸዋ ድንጋዮች ብቻ ተጽፏል።

ሦስተኛው ወገን፣ ልውጥ አለት፣ በድልድዩ አካባቢ አይታይም፤ ከሁሉም ሥር ተቀብሯል። ዓባይን ተከትላችሁ ወደ ምዕራብ ብትወርዱ ግን ወደ ቤኒሻንጉል ስትደርሱ ይወጣል፤ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረትም ያረፈው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረው በዚህ ጥንታዊ ክፍል ላይ ነው። ልውጥ አለት ማለት ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ለውሳ፣ ምጣድና ጀበና አድርጋ፣ በእሳት ስትተኩሰው ጭቃው አይፈስም፤ ቅርጹን እንደ ያዘ ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢያፈሱበት ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በመሬት ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራልና ብዙ ኪሎ ሜትር የተቀበረ የጭቃ ድንጋይም እንዲሁ ይተኮሳል። በምጣዱ ላይ ያልነበረው ግፊት ደግሞ ይጨመርበታል፤ አዳዲሶቹ ማዕድናት ወደ አንድ አቅጣጫ ተጋድመው ስለሚያድጉ ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገነጠል ይሆናል። ሙቀቱ ከዚያም ቢገፋ መቅለጥ ይጀምራል፤ ቅልጡም ሲቀዘቅዝ እንደገና እሳት ወለድ ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ሦስቱ ወገኖች በክብ ተሥለው ቀስት ሲዞርባቸው ተማሪው እያንዳንዱ ድንጋይ ወረፋውን ጠብቆ የሚሄድ ይመስለዋል። ወረፋ የለም። እሳት ወለዱ ሳይሸረሸር በቀጥታ ሊለወጥ ይችላል፤ ደለል ወለዱ ፈርሶ እንደገና ደለል ይሆናል፤ ልውጡም ተነሥቶ በዝናብ ይፈርሳል። በደጀን አፋፍ ላይ ያለው ባዛልት በየክረምቱ እየተፈረፈረ ዓባይ ይወስደዋል፤ የግብፅን የናይል ዳርቻ ሜዳና ደልታ የሠራው ደለል አብዛኛው ከእኛ ከፍታዎች የሄደ ነው። ዛሬ ግድቦች መንገድ ላይ ይይዙታል እንጂ፣ እሳት ወለዱ ደለል ወለድ የሚሆንበትን ጉዞ ተማሪዎችዎ በክረምት የደፈረሰውን ወንዝ እያዩ መረዳት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ኩሽናዬን ሳሳድስ «ግራናይት ነው፣ ምንም አይነካውም» ተብዬ ነጭ ድንጋይ አስገጠምኩ። ሎሚ ቆርጬ ሳላብሰው ባደረበት ቦታ ላይ ወዙ ጠፍቶ ክብ ክብ ምልክት ቀረ። ድንጋይ በሎሚ ይበላል? ወይስ ተታልያለሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ በሎሚ የሚበላ ድንጋይ አለ፤ ግራናይት ግን አይደለም። የገለጹት ምልክት የእብነ በረድ ነው። እብነ በረድ የተሠራው ካልሳይት ከሚባል ማዕድን ሲሆን ይህ ማዕድን በሎሚ አሲድ ሲነካ እየሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከማይታየው ጠርዝ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ዱቄት ይፋቁና ሎሚ ያንጠባጥቡበት፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት እንደ ለስላሳ መጠጥ ደቃቅ አረፋ ያወጣል። ቢላዋው መፋቁ ራሱ ሌላ ማስረጃ ነው፤ በግራናይት ውስጥ ያለውን ኳርትዝ ቢላዋ አይፍቀውም። በዓይንም ይለያሉ፦ ግራናይት ዝንጉርጉር ነው፤ መስታወት የመሰለ ግራጫ ኳርትዝ፣ ነጭ ወይም ሮዝማ ፌልድስፓርና ጥቁር ማይካ ተቀላቅለው ይታዩበታል። እብነ በረድ ግን አንድ ወጥ ሆኖ ደመና ወይም ጅማት የመሰለ መስመር ይሄድበታል፤ የተሰበረው ጠርዝ ደግሞ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ሻጩ ሆን ብሎ አታሏል ለማለት አልደፍርም፤ በገበያው ተወልውሎ የሚያበራ ጠንካራ ድንጋይ ሁሉ «ግራናይት» ሲባል እንሰማለንና። ምልክቱን በባለሙያ እንደገና በማስወልወል ማስለቀቅ ይቻላል፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ግን ሁልጊዜ ጠላቶቹ ናቸው።

እብነ በረዱ ቀድሞ ምን ነበር ቢሉ፣ ከላይ ለመምህሩ የነገርናቸው ዓይነት በሃ ድንጋይ ነበር። ነገሩን በሙከራ ያሳየው የስኮትላንዱ ጄምስ ሆል ነው። ኖራ አቃጣዮች እንደሚያውቁት በሃ ድንጋይ በክፍት ምድጃ ወደ 900 ዲግሪ ሲሞቅ ጋዙ ይወጣና ኖራ ይቀራል። ታዲያ በመሬት ውስጥ የሞቀ በሃ ድንጋይ ለምን ኖራ ሳይሆን እብነ በረድ ይሆናል? ሆል በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ የተፈጨ በሃ ድንጋይ በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ አጥብቆ ደፍኖ፣ በእቶን አጋለው። ጋዙ መውጫ ስላጣ ዱቄቱ ኖራ አልሆነም፤ እንደገና ተቆላልፎ እብነ በረድ የመሰለ ጠጣር ሆነ። ብዙ አፈሙዞች እንደ ፈነዱበት ሳይጠቀስ አይታለፍም። መሬትም የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ የላዩ አለት ክብደት ድፋኑ ነው። ጥቃቅኖቹ የካልሳይት ቅንጣቶች እየተዋዋጡ ትልልቅ ሲሆኑ ዛጎሎቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ በበሃው ውስጥ የነበረው ጥቂት ጭቃ ደግሞ ግራጫና አረንጓዴ ጅማት ሆኖ ይቀራል። ገበታዎ የአገር ውስጥ ምርት ከሆነ፣ ለምሳሌ ቤኒሻንጉል ውስጥ ካለው ዳለቲ የመጣ ከሆነ፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የባሕር ኖራ ላይ ሽንኩርት እየከተፉ ነው።

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ በየዓመቱ ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ ካብ ይክባል፤ በዓመቱ ማሳው መልሶ ድንጋይ ይሞላል። አባቴ «ድንጋይ ያድጋል፣ ይበቅላል» ይላል። እኔ በትምህርቴ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ አባትህ ያዩት ልክ ነው፤ ምክንያቱ ብቻ ሌላ ነው። ማሳችሁ ዋልካ አፈር ከሆነ፣ ነገሩ ከዋልካው ጠባይ ይጀምራል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው ደቃቅ አፈር በስንጥቁ ወደ ታች ይረግፋል፤ ድንጋዩ ግን ስለሚበልጠው አይገባም። ክረምት ሲመጣ የረገፈው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ድንጋዩን ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በዓመቱ ሌላ ደቃቅ አፈር ሥሩ ይገባል፤ ድንጋዩ ተመልሶ የሚወርድበት ቦታ የለውም። ማረሻው ደግሞ ከታች ያገኘውን እየገለበጠ ያወጣል፣ ጎርፉም ደቃቁን ጠርጎ ድንጋዩን ይተዋል። ሦስቱ ተደምረው ማሳው በየዓመቱ የበቀለበት ያስመስሉታል።

እንዲያውም ድንጋዩ እያነሰ ነው። ካቡ ውስጥ ካሉት ክብ ክብ ድንጋዮች አንዱን በመዶሻ ስበረው። መካከሉ ጥቁርና ጠንካራ ባዛልት ነው፤ ወደ ውጭ ሲሄድ ቡናማ ልባስ ይመጣል፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነባበረ በእጅ የሚፈረፈር ቢጫማ ቅርፊት ታገኛለህ፤ የመጨረሻው ልጣጭ ከአፈሩ አይለይም። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ያ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ የባዛልቱን ማዕድናት ወደ ጭቃና ወደ ብረት ዝገት ይለውጣቸዋል። ማዕዘኑ ከሁለትና ከሦስት ወገን ስለሚበላ ቶሎ ያልቃል፤ ድንጋዩ ክብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዝምተኛ ውሃ ድንጋይ ይሰብራል የሚባለው በተረትነቱ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ በባሌ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የቦረቦረው በበሃ ድንጋዩ ውስጥ ያለፈው የወይብ ወንዝ ውሃ ነው። አባትህ የሚያርሱት ዋልካ ራሱ አንድ ጊዜ ባዛልት ነበር።

አንድ ምክር፦ ትልልቆቹን እንጂ ጠጠሩን ሁሉ ለቅማችሁ አትጨርሱ። በአፈሩ ላይ የተበተነ ድንጋይ የዝናቡን ምት ይቀበላል፣ ጎርፉን ያዘገያል፣ እርጥበቱም ቶሎ እንዳይተን ይከለክላል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ልጆቼን የአክሱም ሐውልት ከግራናይት ተጠርቦ እንደ ቆመ እየነገርኩ አሳድጌአቸዋለሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ «ግራናይት አይደለም» አለችኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ልጅዎን። ሐውልቶቹ የተጠረቡበት አለት ኔፌሊን ሳየናይት ይባላል። የግራናይት የቅርብ ዘመድ ነው፤ በመሬት ውስጥ ቀዝቅዞ የተሠራ፣ በዓይን የሚታዩ ቅንጣቶች ያሉት እሳት ወለድ ነው። ልዩነቱ የመነሻው ቅልጥ ሲሊካ ስላጠረው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በውስጡ አለመኖሩ ነው። ድንጋዩ የወጣው ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጎቦ ዱራ ነው፤ እዚያ እስከ ዛሬ ሽብልቅ ይገባባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ወድቆ የሚገኘው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ነው፤ ከሮም በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. እንደገና የቆመው ደግሞ 24 ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚያህል አንድ ወጥ ድንጋይ ሳይሰነጠቅ ማውጣት የተቻለው አለቱ በጥልቀት በዝግታ ቀዝቅዞ ቅንጣቶቹ ስለተቆላለፉና የተፈጥሮ ስንጥቁ የተራራቀ ስለሆነ ነው። «ግራናይት» ማለትዎ ለሕዝብ ንግግር አያስነቅፍም፤ ብዙ ጸሐፊዎችም እንዲያ ብለዋል።

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ ብሎኬት አመርታለሁ። የምንጠቀመው ሬድ አሽ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበትና ቀይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ወደ አዳማ ስሄድ ከመንገድ ዳር እንደ ጠርሙስ የሚቆርጥ ጥቁር ባልጩት፣ እንዲሁም ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ድንጋይ አግኝቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ ከሆኑ ለምን እንዲህ ተለያዩ?

መልስ፦ የለያያቸው በቅልጡ ውስጥ የነበረው ጋዝ፣ የሲሊካው መጠንና የቅዝቃዜው ፍጥነት ነው። የተነቀነቀ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ቅልጥ አለትም ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ በውስጡ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆናል። በከተማችሁ ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ ቀያይ ኮረብቶች የሠራው ሲሊካው አነስተኛ የሆነ ባዛልታዊ ቅልጥ ነው፤ ጋዙ ወደ ሰማይ እየረጨው በአየር ላይ ሳለ ጠነከረ፣ አረፋዎቹም ቀዳዳ ሆነው ቀሩ። የቀላው ገና ትኩስ ሳለ ብረቱ ከአየር ጋር ስለተዋሐደ ነው። ሆራን፣ ባቦጋያንና ቢሾፍቱን የመሳሰሉት ሐይቆች ደግሞ ቅልጡ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ እንፋሎቱ ባፈነዳው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው።

ባልጩትና ነጩ ተንሳፋፊ ድንጋይ፣ ፑሚስ የሚባለው፣ ግን ከአንድ ዓይነት ቅልጥ ሊወጡ የሚችሉ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ሲሊካ የበዛበት፣ እንደ ሙጫ የሚጎተት ቅልጥ ውጤት ናቸው። ቅልጡ ጋዙን እንደ ያዘ ከፈነዳ አረፋው እንዳለ ይደርቅና ፑሚስ ይሆናል። ጋዙ አስቀድሞ ካመለጠና ቅልጡ ማዕድናት ሳይሠሩ ከጠነከረ ደግሞ ባልጩት ይሆናል፤ ባልጩት የተፈጥሮ መስታወት ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ የሥርዓት መስመር ስለሌለው ሲሰበር እንደ ዛጎል ጀርባ እየጎበጠ ይገነጠላል፣ ጠርዙም ምላጭ ይሆናል። ይህን ከእኛ በፊት የተረዱት ሰዎች ሩቅ አልነበሩም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአዋሽ ዳር በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ድንጋዩን የሚያገኙበት የቅርቡ መንደር ስሙ ራሱ ባልጪት ነው፤ ሁለቱ ቦታዎች በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ቀዳዳ የበዛበት አለት ለሥራ ይመቻል፣ ለዝናብም ይመቻል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእንዲህ ያለ ቀይማ እሳተ ገሞራዊ አለት ነው፤ ለመሮ የታዘዘው በዚያ ጠባዩ ነው፤ ዛሬም ውሃ እየገባበት ጠባቂዎቹን የሚያስጨንቀው ያው ጠባዩ ነው።

ጥያቄ፦ በመቀሌ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምንማረው ሁሉ በሚሊዮን ዓመታት የተቆጠረ ነው። ሰው ቆሞ እያየው የሚሠራ አዲስ አለት አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከአንቺም ሩቅ አይደለም። በአፋር በኤርታ አሌ አፍ ላይ ለአሥርት ዓመታት የላቫ ሐይቅ ሲንተከተክ ታይቷል። ቀዩ ቅልጥ አየር በነካው ቅጽበት ጥቁር ቆዳ ያበጃል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ቁራጩ ተመልሶ ይሰምጥና ይቀልጣል። ከአፉ ገንፍሎ በዳገቱ የወረደው ግን ዕድሜው ከአንቺ የሚያንስ ባዛልት ሆኖ ይቀራል።

የማይታየው ከሚታየው ይበልጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚያው በአፋር በዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር ደርሷል። ስንጥቁን ከሥር የሞላው ቅልጥ አለት ነው። ወደ ላይ የወጣው በመስከረም 16 ቀን የታየው ጥቂት አመድና ፍንጣሪ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ በመሬት ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀዘቀዘ። የላዩ አፈርና አለት በሚሊዮን ዓመታት ሲሸረሸር ያ ግድግዳ ብቅ ይላል። በመንገድ ቁርጥ ላይ ሌላውን አለት ሰንጥቆ የቆመ ጥቁር ግድግዳ ካየሽ የእንዲህ ያለ ክስተት ቅሪት ሊሆን ይችላል።

ደለል ወለድ አለትም በዓይን ሥር ይሠራል፤ እሱንም ቤታችሁ ታውቂዋለሽ። ወደ መቀሌ በግመል ሲጫን የኖረው አሞሌ ጨው አለት ነው። የዳሎል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀይ ባሕር በተለያየ ዘመን እየገባበት፣ ከዚያም እየተቆረጠና እየተነነ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የጨው ቁልል ትቷል። ከተራሮቹ የወረደ ጎርፍ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው የላዩ ጨው ይሟሟል፤ ፀሐዩ ውሃውን ሲወስደው ጨው ቆራጮቹ በመጥረቢያ የሚፈነቅሉት አዲስ ነጭ ንብር ተነጥፎ ይገኛል። የአፋር ጨው ቆራጮች ንብሩን በዱላ ፈልቅቀው፣ በእኩል ልክ ጠርበው፣ በገመድ አስረው ይጭኑታል። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው ይህ ድንጋይ፣ ዝናብ ካገኘው በአንድ ሌሊት ከጭነቱ ላይ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ነጋዴዎቹ ሰሌን ይሸፍኑበት የነበረውም ለዚህ ነው።